ጥሩምባውን ሌላ ሰው የነፋ ለት

ፈንታ ለራሱ ለቅሶ የደረሰው በጓሮ በኩል ነው። ከበጎቹ ጩኸት በቀር ምንም ሳይሰማ ጉረኖአቸውን ሲጠጋግን አርፍዶ፣ ማሰሪያ ልጡን እንደያዘ በቤቱ ጥግ ብቅ ቢል፣ ደጁ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው በለበሱ ሴቶች ሞልቷል። ከፊት ጎረቤቱ ደብሪቱ ደረቷን እየደቃች፣

«ጠሪያችን ተጠራ፣ ነጋሪው ዝም አለ፣
እኛንስ ሲመሸን ከእንግዲህ ማን አለ»

ትላለች። ፈንታ ይህን ሲሰማ ቆም ብሎ አሰላው። ከደጁ ለቅሶ ካለ፣ እሱ ደግሞ በቁሙ ካለ፣ የሞተችው ሚስቱ ጥሩሸዋ ናት ማለት ነው፤ በቤቱ ሌላ ማን አለ? ልጡን ጥሎ ድንጋይ ላይ ዘፍ አለና «ጥሩዬን፣ ጥሩዬን» እያለ ያነባ ጀመር። ሴቶቹ ለእሱ፣ እሱ ለሚስቱ፣ እንዲህ ሲላቀሱ ቆዩ። ጥሩሸዋ ምስር የምትለቅምበትን ሰፌድ ታቅፋ በበሩ ብቅ ባትል ኖሮ፣ ሁለቱ ለቅሶ እስከ ቀትር ባልተገናኘ ነበር።

ቀድማ ያየችው ደብሪቱ ናት።

«አንተ ሰውዬ» አለች፣ እንባዋ ገና ሳይደርቅ፣ «አልሞትክም እንዴ?»

«ማን ነው የሞተው?»

«አንተ ነሃ። ጥሩምባዋ ስትነፋ ሰማን። አነፋፉ ያንተ አይደለም፤ እንደተጠማ አህያ ነው የሚያናፋው። ፈንታ እያለ ጥሩምባዋን ማን ይነካታል? ፈንታ ራሱ ቢሞት ነው እንጂ። ደግሞ ቀብር ሲል ሰምተናል፤ አምስት ሰዓት ብሏል።»

ሴቶቹ ነጠላቸውን እያቃኑ እርስ በርስ ተያዩ። ሰው ከሞት ሲተርፍ ደስ ይላል፣ ደስ ብሏቸዋልም፤ ግን ሥራ አስፈትቶ ያስለቀሰ ሰው ቆሞ ሲያይህ ትንሽ ቅር ማሰኘቱ አይቀርም። ፈንታ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገና «ግጥሟ ግን ደግ ናት፣ ደብሪቱ፤ ያዣት፣ ጊዜዋ ሲደርስ ትፈለጋለች» አላት።

የሞላሌ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ የእድሩ ጥሩምባ የምትነፋው ለሞት ብቻ ነው። ለሠርግ አትነፋም፤ በቅሎ ቢጠፋ አትነፋም፤ ቤት ቢቃጠል እንኳ ሰው በጉሮሮው ይጮሃል እንጂ እሷን ማንም አያስባት። ደርግ ወድቆ እነዚህ የገቡ ለት ከተማው ሲተራመስ ጥሩምባዋ ከምሰሶዋ አልወረደችም። ያኔ የጠየቀው ሰው ነበር፤ ፈንታም መልሶለታል፤ መንግሥት የእድር አባል አይደለም፤ ወርኃዊውን መዋጮ ከፍሎ አያውቅም። ፈንታ ዝተት ሸማኔ ነው። ቀን ቀን ከሽመናው ጉድጓድ ተቀምጦ ከበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ይሸምናል፤ ሰው ሲሞት ተነሥቶ ከከተማው አናት ያለው ጉብታ ላይ ይወጣል፤ አንድ ረጅም ትንፋሽ፣ መጨረሻዋ ላይ እንደሚያቃስት ሰው ስብር የምትል፣ ይለቅና የሟቹን ስም ይጠራል። ያቺን ስብራት ከሞላሌ ሰው የማያውቃት የለም። ገበሬው ሞፈሩን ያቆማል፤ ነጋዴዋ ቁናዋን ትከድናለች።

ፈንታ ወደ ቤት ገባ። ምሰሶው ላይ ሚስማሩ ብቻ አለ። ጥሩሸዋ ከምድጃው አጠገብ ወደ ምስሯ ተመልሳለች፤ ቀና አላለችም።

«ጥሩምባዋስ?»

«አፈወርቅ ወሰዳት።»

«ለምን?»

«ዛሬ ስብሰባ አለን፣ ድምፅ ማጉያው ከዞን እስኪደርስ ሰው እንጥራባት ብሎ።» አንዲት ጠጠር አገኘችና ወደ ውጭ ወረወረቻት። «ወንድሜ ነው። ምን ልበለው?»

ፈንታ ብዙ የሚለው ነበረው፤ ግን ባዶውን ሚስማር በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። እሷም ምስሯን መልቀም ቀጠለች። አፈወርቅ የጥሩሸዋ ታናሽ ነው፤ ጡት ከጣለበት ቀን ጀምሮ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው፣ ዛሬ መምህር የሆነላት ወንድሟ። ምርጫው አንድ ወር ሲቀረው ግን መምህርነቱን ትቶ ቀስቃሽ ሆኗል።

ያ ወር፣ የዘጠና ሰባቱ ሁዳዴ፣ ለሞላሌ ሰው የጾም ብቻ ወር አልነበረም። የሁለቱም ወገን ስም ረጅም ስለሆነና ሰዉ ስለማይዘው፣ ቢሮአቸው ባለበት ቦታ ይጠራቸዋል። ሥልጣን ላይ ያሉት ከመናኸሪያው በላይ ናቸውና የላዮቹ፤ ሥልጣኑን የሚፈልጉት ከወፍጮ ቤቱ በታች ናቸውና የታቾቹ። የላዮቹ ከታች የቆመውን ሁሉ ጸረ ሰላም፣ ትምክህተኛ፣ የደርግ ርዝራዥ ይሉታል። የታቾቹ ከላይ የቆመውን ሁሉ ሆዳም፣ ባንዳ፣ ተላላኪ ይሉታል። መሐል የቆመ ሁለቱንም ነው። ዘንድሮ አንድ ጽዋ ማኅበር ለሁለት ተከፍሎ ያንኑ ቅዱስ በአንድ ቀን በሁለት ቤት ዘክሯል፤ ቅዱሱ የትኛው ቤት እንደገባ የነገረን የለም። ፈንታ ራሱ በኖረበት ዘመን ሁሉ ሸማኔ ብቻ ነበር፤ በዚህ አንድ ወር ውስጥ ትምክህተኛም ባንዳም ሆኗል፤ እሱም ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቆ የሚነግረው ሳያገኝ።

ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ። ጉሙ ገና አልተነሣም። የጓሳ ብርድ ቁልቁል ወርዶ አስፋልት የሌለውን መንገድ እንደ ውሻ እያሸተተ ይዞራል። ገበያተኛው በግ እየነዳ፣ የጠጉር ጆንያ በአህያ ጭኖ ይገባል። «ዳለቻውን በግ ስንት አልከው?» «መቶ ሰባ።» «ዛሬ በግ የሚገዛ የለም፤ ሁሉም ወሬ ሊሸምት ነው የመጣ» ይባባላሉ። ከላዮቹ ቢሮ ደጅ አንድ መኪና ቆሟል፤ ሰዎች ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ ያስራሉ። አፈወርቅ የምርጫ ካናቴራውን ከብርዱ የተነሣ ከኮቱ በላይ አጥልቆታል፤ እንደ ነፍሰ ጡር አብጧል። ጥሩምባዋን በብብቱ ይዟታል።

«ጋሼ ፈንታ» አለ ፈገግ ብሎ፣ «እርስዎን ሞቱ ሲሉ ሰምቼ ደንግጬ ነበር።»

«እኔም ደንግጫለሁ። ስጠኝ።»

«ስብሰባው እስኪጀመር ብቻ፣ ጋሼ።»

«ቀብር ብለሃል። የማን ቀብር ነው?»

«የእነዚያ ነዋ። አምስት ሰዓት ገበያ ውጡ፣ የጸረ ሰላሞቹን ቀብር እናበስራለን ነው ያልኩት። በካርድ እንቀብራቸዋለን ማለት ነው። አነጋገር ነው፤ ፖለቲካዊ ቀብር።»

«ፖለቲካዊ ሬሳውን ማን ያነሣዋል?»

መኪናው ጣሪያ ላይ ያለው ሰውዬ ሳቁን በሳል ሸፈነ። አፈወርቅ ፊቱ ቀላ። «እርስዎ ይቀልዳሉ፤ እነሱ ግን አይቀልዱም። ከዚህ ወዲያ መሐል መቆም የለም።»

«ለመሆኑ ያጠለቅኸውን ሱሪ ማን ሰፋው?»

አፈወርቅ ወደ ሱሪው አየ። በሞላሌ ወንድ የሚያጠልቀውን ሱሪ የሚሰፋው ልብስ ሰፊው በኃይሉ ነው፤ የታቾቹ ዋና ቀስቃሽም እሱ ነው።

«ያንን ነው የምትቀብረው? እሺ ቅበረው፤ ሱሪህ ሲተረተር ግን እኔ ጋ አትምጣ፤ እኔ የማውቀው ዝተት ብቻ ነው» አለና ፈንታ እጁን ዘርግቶ ጥሩምባዋን ከብብቱ መዘዛት። አፈወርቅ ይዞ ሊያስቀር ይችል ነበር፤ ጉልበቱም ዕድሜውም የእሱ ነው። ግን የእህቱ ባል ነው፤ ሰውም ያያል። «ለእድሩ ሰብሳቢ እናመለክታለን» ብሎ ለቀቀ። ፈንታ አፏን በጋቢው ወለወላት፣ የሌላ ሰው ምራቅ ነውና።

መንገዱን ሳይጨርስ በኃይሉ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከሱቁ ወጥቶ ያዘው። እሱም የራሱን ካናቴራ ከጃኬቱ በላይ ደርቧል። «የወንድ ልጅ» አለው ትከሻውን እየደበደበ፣ «ከአፋቸው ነጠቅሃቸው። እኛም አምስት ሰዓት እዚያው ገበያ ነን። እስቲ ላንድ አፍታ አውሰኝ።»

«ለምን ሊሆንህ?»

«ለእነዚህ ሌቦች ሙሾ ላስወርድባቸው። የሥልጣናቸው ሬሳ እኮ ሸትቷል።»

«እንግዲህ እነሱ ጠዋት ቀበሯችሁ፣ እናንተ አምስት ሰዓት ላይ ትቀብሯቸዋላችሁ። በሞላሌ በሕይወት የሚቀረው እኔ ብቻ ነኛ። እኔም ጠዋት ሞቼ ነበር።»

በኃይሉ ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። «ድሮም የሚስትህ ዘመዶች ሰው ነህ። ሆዳም» አለውና ወደ ስፌት መኪናው ተመለሰ። ፈንታ ጥሩምባዋን በጋቢው ውስጥ ደብቆ ቤቱ ገባ፤ ከሚስማሯ ላይ ሰቀላት፤ ከሽመናው ጉድጓድ ገባ። መወርወሪያው ብቻ ከግራ ቀኝ፣ ከቀኝ ግራ ይላል።

ሲዲቃ በሩን ሳታንኳኳ የገባችው በዚህ መሐል ነው። ሲዲቃ ከቆላ የወጣች ጨው ነጋዴ ናት፤ ከእማማ ጌታነሽ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ከበሩ ላይ ቆማ ሻሿን አጠበቀች።

«እማማ አለፉ» አለች። «ወደ ቆላ ልወርድ ነበርና ልሰናበታቸው ብዬ ብገባ፣ እንዝርታቸውን ይዘው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አናገርኳቸው፤ ዝም። እጃቸው ቀዝቅዟል።»

እማማ ጌታነሽ ጠጉር ፈታይ ነበሩ። ከግሼ በኩል በልጅነታቸው መጥተው፣ ባል አግብተው ባል ቀብረው፣ ልጅ ወልደው ልጅ ቀብረው፣ ከዘመድ አዝማድ አንድ ሳይተርፍላቸው ሞላሌ ቀርተዋል። ፈንታ የሚሸምነውን ጠጉር የሚፈትሉለት እሳቸው ነበሩ፤ አሁን በጉድጓዱ ላይ የተዘረጋው ዝተት የእሳቸው ክር ነው። በሰው ለቅሶ ሁሉ ከማንም ቀድመው ውሃ ተሸክመው ይመጣሉ። አንድ ቀን ፈንታ እንስራ ሲሸከሙ አይቶ «ምነው እማማ፣ ጉልበትዎ ሳይኖር» ቢላቸው፣ «ብድር ነው የማስቀምጠው፣ ፈንታዬ» ብለውታል። «ሌላው ዘመዱ ይቀብረዋል። እኔን የሚቀብረኝ ያቺ ጥሩምባህ ናት።»

ፈንታ ጉብታው ላይ ወጣ። ጉሙ ተነሥቷል፤ የከተማው ቆርቆሮ ሁሉ ከታች ይታየዋል። ትንፋሹን ሰብስቦ ነፋ፤ መጨረሻዋን ሰበራት። «የእድራችን አባል እማማ ጌታነሽ አርፈዋል። ቀብራቸው ዛሬ፣ በማርያም ነው። እድርተኛ የሆናችሁ፣ ከቤታቸው ተገናኙ።» ጥቂት ቆየና ደገመው። በወትሮው፣ ገና ስም ጠርቶ ሳይጨርስ በር ሲከፈት ይሰማ ነበር። ዛሬ አንድ በር ተከፍቶ ተዘጋ። ከጉብታው ሥር ካለው ቤት አንዲት ሴት «የአሁኑ ደግሞ የማን ናቸው፣ የላዮቹ ወይስ የታቾቹ?» ስትል፣ ባሏም ከውስጥ «ተያቸው፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲቀባበሩ ነው የዋሉት» ሲል ሰማ። ሳቁ እስከ ጉብታው ደረሰ። ፈንታ ለሦስተኛ ጊዜ ሊነፋ አፉን ከጥሩምባዋ ላይ አድርጎ፣ ተወው። በእሱ ትንፋሽ የማያምን ሰው በሕይወቱ ገጥሞት አያውቅም። እንደተሰደበ ሰው ጆሮው ጋለ።

ከሟቿ ቤት ሲደርስ መምሬ መርስዔ ኃዘን ፍትሐቱን ጀምረዋል። ከእሳቸው ሌላ ያሉት ደብሪቱ፣ ሲዲቃና አንዲት ሌላ ጎረቤት ናቸው፤ ወንድ የለም። ቤቷ አንድ መደብ፣ አንድ እንስራ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የጠጉር ከረጢት፣ ሌላ ምንም። ቃሬዛው ከደጅ ተደግፎ ቆሟል። «እነማን ናቸው ተረኞቹ?» አሉ መምሬ። በዚያ እድር መቃብር የሚቆፍረው በየሳምንቱ ተረኛ ነው፤ መምህርም ይሁን ነጋዴ ሁለት ሁለት እየሆነ ይወጣል። የዚያን ሳምንት ተረኞች፣ ሰይጣን እንኳ እንዲህ አስተካክሎ አያጣምራቸውም፣ አፈወርቅና በኃይሉ ነበሩ።

ፈንታ ወደ ገበያው ወረደ። የበግ ተራው በአንድ ወገን፣ የእህል ተራው በሌላ ወገን ነው፤ መሐሉ ባዶ ሜዳ ነው። በእህል ተራው በኩል የላዮቹ መኪና፣ በበግ ተራው በኩል የታቾቹ ጭነት መኪና አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠው ቆመዋል፤ ሁለቱም ድምፅ ማጉያ አላቸው፤ ሁለቱም ይጮሃሉ። አንዱ «ርዝራዥ» ሲል ሌላው «ባንዳ» ይላል፤ ቃላቱ መሐል ሜዳ ላይ ተጋጭተው ምን እንደተባለ የሚለይ የለም። ሰዉ ግን ያጨበጭባል። ፈንታ መጀመሪያ ወደ አፈወርቅ ሄደና ከመኪናው ሥር ሆኖ እግሩን ነካው።

«እማማ ጌታነሽ አርፈዋል። ተረኛ ነህ።»

አፈወርቅ ጎንበስ አለ። ለአንድ አፍታ ፊቱ የልጅነቱን መሰለ፤ እማማ ጠጉር ሲፈትሉ እግራቸው ሥር ተቀምጦ ያደገ ነው። ከዚያ ከድምፅ ማጉያው ጋር ከዞን መጥቶ ከጎኑ የቆመውን ሰውዬ አየና «ከበኃይሉ ጋር አንድ ጉድጓድ አልቆፍርም» አለ። «እሱ ይቆፍር፤ እኔ ሌላ ጊዜ ሁለት ተራ እተካለሁ።»

በኃይሉም ዘንድ ሄደ። በኃይሉ ከጭነት መኪናው ላይ ሆኖ «ነፍስ ይማር» አለ፤ «ግን አሁን ከዚህ ብወርድ ሸሸ ይሉኛል። ያ ልጅ ይቆፍር፤ መንግሥት አይደል?»

ፈንታ ምን ብሎ እንደተመለሰ አያስታውሰውም። ከእማማ ቤት ሲደርስ ሬሳው ተገንዞ ቃሬዛ ላይ ሆኗል። ጥሩሸዋ መጥታለች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከሬሳው ራስጌ ቆማ፣ ባሏን ቀና ብላ አየችው፤ ከጠዋት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

«አይመጡም?»

«አይመጡም። አንዱ አንዱን እየጠበቀ ነው።»

እንግዲህ አሁን ታዝናለች፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ትላለች ብሎ ፈንታ ሲጠብቅ፣ ጥሩሸዋ ነጠላዋን ከወገቧ አዙራ አሰረችው። «ደብሪቱ፣ ያንን ጫፍ ያዢ» አለች። «ሲዲቃ፣ አንቺ ከእኔ ጋር።»

መምሬ መጽሐፋቸውን አጠፉ። «ምን ልታደርጉ ነው፣ ልጄ? ሬሳ ሴት ተሸክማ አታውቅም።»

«ዛሬ ወንድ የለማ፣ አባ። በመንዝ ወንድ ጠፍቶ ሴት ሬሳ አወጣች ይባል።»

«በቤተ ክርስቲያን መንገድ ሂዱ እሺ፣ በገበያ አይሆንም።»

«በገበያ ነው የምንሄደው» አለች ጥሩሸዋ። ደብሪቱ ሳቋም ለቅሶዋም አንድ ላይ መጣባት። አራቱ ሴቶች ቃሬዛውን ከትከሻቸው ላይ አደረጉት፤ እማማ ቀላል ነበሩ፤ የፈተሉትን ጠጉር ያህል እንኳ አይከብዱም። መምሬ ትንሽ ቆሙና መስቀላቸውን ይዘው ከኋላ ተከተሉ። ፈንታ ጥሩምባዋን ይዞ ከፊት ሆነ።

መጀመሪያ ያያቸው በግ ሻጩ ነው። ቆቡን አወለቀ፤ ከዚያ ተሸካሚዎቹን ሲያይ አፉን ከፈተ። «ሴቶች ናቸው» አለ። «ሬሳ ሴቶች ተሸክመውታል።» ቃሉ ከተራ ወደ ተራ ሮጠ። በእህል ተራ ያሉት ባልቴቶች ነጠላቸውን ዘቀዘቁ፤ ቁጭ ብሎ የነበረ ሁሉ ተነሣ። ጥሩሸዋ ቀጥ ብላ ከሁለቱ መኪናዎች መሐል ገባችና «አውርዱ» አለች፤ ቃሬዛውን ባዶው ሜዳ ላይ አሳረፉት። አፈወርቅ «የጸረ ሰላም ኃይሎች...» ብሎ የጀመረውን ዐረፍተ ነገር እህቱን ሲያይ ዋጠው። በኃይሉ ማይኩን ዝቅ አደረገ። ከዞን የመጣው ሰውዬ ግን ማይኩን ከአፈወርቅ እጅ ወሰደና «ይህ ሆን ተብሎ ሕዝባዊ ስብሰባን ለማደናቀፍ...» ሲል ፈንታ ጥሩምባዋን ወደ መኪናው አዙሮ ነፋ። ሰውዬው ቆመ። እንደገና «ጥቂት ግለሰቦች» አለ፤ ፈንታ እንደገና ነፋ። ከወዲያኛው ጭነት መኪና ላይ ደግሞ አንዱ «ጀግናው ሕዝብ ለለውጥ ያለውን...» ብሎ ሲነሣ ጥሩምባዋ ወደ እሱም ዞረች። ገበያው መሐል ድምፅ ያላት እሷ ብቻ ሆነች። ከዚያ ፈንታ የሟቿን ስም ጠራ፤ ጠዋት ሰው የሳቀበትን ያንኑ ቃል ደገመው። አሁን የሳቀ የለም።

ወንዶቹ እየተሽቀዳደሙ መጡ። አንዱ የቃሬዛውን ጫፍ ሊይዝ ጎንበስ ሲል ደብሪቱ ክንዱን ገፋችው። «ወዲያ በል። እናንተ ሥራ ላይ ናችሁ፤ ተቀባበሩ።»

አፈወርቅ ከመኪናው ወርዶ እህቱ ፊት ቆመ። «እትዬ፣ ስጪኝ።»

«ለእድር ሰው እሰጣለሁ። ለፓርቲ ሰው አልሰጥም።»

«እድርተኛ ነኝ እኮ።»

ጥሩሸዋ ካናቴራውን ከላይ እስከ ታች አየችው። «እኛ ለሳቸው ነጠላችንን ዘቅዝቀናል። አንተ ለሠርግ ነው የመጣኸው?»

አፈወርቅ ወደ ደረቱ አየ። ዙሪያውን የቆመው ሕዝብም ወደ ደረቱ አየ። የዞኑ ሰውዬ ከላይ «መምህር አፈወርቅ» ብሎ ተጣራ። አፈወርቅ ካናቴራውን ከኮቱ ላይ ገፍፎ ገለበጠው፤ ምልክቱ ወደ ውስጥ ገባ፤ መልሶ አጠለቀው። ከወዲያ በኩል በኃይሉ ሲስቅ ተሰማ። ሲዲቃ ዞር አለች።

«ምን ያስቅሃል፣ በኃይሉ? ያንተንም ገልብጠው። የራስህ ስፌት አይደል፤ ውስጡ ምን እንደሚመስል እንይልህ።»

ገበያው ሳቀ፤ በሬሳ ፊት ነውና በአፍንጫው ሳቀ። በኃይሉ ጎንበስ ብሎ ገለበጠ። ከዚያ በዚህም በዚያም ወገን ካናቴራ የለበሰው ሁሉ፣ አንዱ ሌላውን እያየ፣ መገልበጥ ያዘ፤ ስፌቱ፣ የክሩ ጫፍ፣ የተጣፈው ሁሉ ወደ ውጭ ወጣ፤ ማን የማን እንደሆነ የሚለይ ጠፋ። ጥሩሸዋ የቃሬዛውን ጫፍ ለወንድሟ ለቀቀችለት። እጇን ትከሻው ላይ ጥቂት አቆየችው።

እማማ ጌታነሽን የሸኘው ሕዝብ ከገበያው እስከ ማርያም መንገዱን ሞልቶት ነበር። መቃብሩ ገና አልተቆፈረምና ሬሳው ከደጀ ሰላሙ ቆየ፤ አፈወርቅና በኃይሉ እጅጌያቸውን ሰብስበው አንድ ዶማና አንድ አካፋ ይዘው ገቡ። አንዱ ሲቆፍር አንዱ ሲዝቅ፣ ጉድጓዱ እስከ ወገባቸው እስኪደርስ ድረስ አልተነጋገሩም። ከዚያ በኃይሉ «ወደ አንተ በኩል ጠቧል» አለ፤ አፈወርቅም «አየሁት» አለ። ደብሪቱ አዲስ ግጥም ገጠመች፤ ፈንታ የጠዋቷ ትሻል ነበር ብሎ አሰበ፤ ግን የጠዋቷ የራሱ ስለነበረች አድልቶ ሊሆን ይችላል።

ሲመለሱ ፀሐይዋ ወደ መርሐቤቴ ገደል አዘንብላ ነበር። ጥሩሸዋ ከሴቶቹ ጋር ከፊት ቀድማለች፤ አንድ ጊዜ ዞር ብላ ባሏ መኖሩን አየችና ቀጠለች። ሁለቱ ቆፋሪዎች ከፈንታ ግራና ቀኝ አፈር ለብሰው ይሄዳሉ፤ ካናቴራቸው እንደተገለበጠ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ሳያልፉ፣ «እናንተ እኮ ናችሁ መጀመሪያ ቀብር ያላችሁ» አለ በኃይሉ። «እናንተስ ሬሳ አላላችሁም?» አለ አፈወርቅ። ጥቂት ተነታረኩ። ከዚያ አፈወርቅ ራሱን እያሻሸ ወደ ፈንታ ዞረ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎ። እኛ ከዞን መኪና አስመጥተን፣ ካናቴራ አድለን፣ የዚህን ሰው ሩቡን አልሰበሰብንም።»

«እኛም» አለ በኃይሉ፣ ወደ መሬት እያየ።

«እስቲ ይምከሩን፤ ሕዝቡን እንዲህ ነቅሎ ለማስወጣት ምን ብናደርግ ይሻላል?»

ፈንታ ጥሩምባዋን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወራት። ሁለቱንም ተራ በተራ አያቸው።

«መጀመሪያ እረፉ» አለ።